ህንድ ቤት በሁዳዴ፦ የደቡብ ህንድ የአትክልት ቡፌ አበላል

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። በሩ ላይ «ፒዩር ቬጅ» ብሎ የለጠፈ ህንድ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም። ዓሣም እንቁላልም የለም። ቅቤ ግን አለ፤ እርጎ፣ ወተት፣ አይብ፣ ሁሉም አለ። ይሄን ሳያውቁ «አትክልት ቤት አይደል እንዴ፣ ሁሉም ጾም ነው» ብለው ሳህናቸውን ቆልለው የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። አንዷ እኔ ነበርኩ።

ቢሆንም ውጭ አገር ላለ ጾመኛ ከዚህ የሚሻል ርካሽ ምሳ እስካሁን አላገኘሁም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሽሮና ምስር የቱንም ያህል ቢጥም መሃል ላይ ሰው ሌላ ነገር ያምረዋል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምትኖሩ ላንግሌይ ፓርክን ታውቁታላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድና ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ የሚገናኙበት ማለቴ ነው። ለዓመታት የህንድ ግሮሰሪዎችና የደቡብ ህንድ ምግብ ቤቶች የነበሩበት ሰፈር ነው። መጀመሪያ የወሰደኝ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። «በአንድ ሂሳብ እስክትጠግቢ» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

በስህተት የተማርኩትን እንግዲህ ከመግቢያው እስከ መውጫው ላስቀምጥላችሁ።

1. ቤቱን መለየት

ህንድ ቤት ሁሉ አንድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የምናውቀው የሰሜኑን፣ በተለይ የፑንጃብን ምግብ ነው። ናን ዳቦው፣ በክሬም የወፈረው ወጥ፣ ታንዶሪ ዶሮው ከዚያ ነው። የደቡቡ ሌላ ዓለም ነው። ታሚል ናዱ፣ ካርናታካ፣ ኬራላ፣ አንድራ ፕራዴሽና ቴላንጋና በሚባሉት ግዛቶች ማዕዱ በሩዝ፣ በክክ፣ በኮኮናትና በታማሪንድ ነው የሚቆመው። ታማሪንድ እኛ ሁመር የምንለው ነው።

እንዴት ይታወቃል? ሜኑውን ተመልከቱ። ዶሳ፣ ኢድሊ፣ ቫዳ፣ ሳምባር የሚሉ ስሞች ከላይ ከተደረደሩ ቤቱ የደቡብ ነው። በሩ ላይ «ኡዱፒ» የሚል ስም ካያችሁም እንዲሁ። ኡዱፒ ካርናታካ ውስጥ በባሕሩ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ በክሪሽና ቤተ መቅደሷ ትታወቃለች። የዚያ አካባቢ ወጥ ቤቶች በየከተማው ሄደው የአትክልት ምግብ ቤት ከፈቱ፣ ከዚያ የከተማዋ ስም ራሱ ታርጋ ሆነ። የቤተ መቅደሱ ምግብ በወጉ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የለበትም። ይሄን ለእናቴ ስነግራት «ያለ ሽንኩርት ምን ወጥ አለ?» ብላ ሳቀችብኝ።

2. ቀንና ሰዓት

ርካሹ ቡፌ የሥራ ቀን ምሳ ነው። ቅዳሜና እሁድ ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፣ የምግቡም ዓይነት ይጨምራል። ብዙዎቹ ቤቶች የሚከፍቱት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 5:30 ላይ ነው፣ የሚዘጉት 8:30 ወይም 9 ሰዓት። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሲደርስ ትሪዎቹ እየተነሱ ነው! አንድ ዓርብ ለባብሰን ሄደን አስተናጋጁ የመጨረሻዋን የሩዝ ትሪ ይዞ ወደ ጓዳ ሲገባ ነው የደረስነው።

መፍትሔው ቅዳሜና እሁድ ነው። በሁዳዴም ቢሆን ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ከውሃ አይጾምም፣ ከቀዳም ስዑር በቀር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላ እንደለበሱ መሄድ ነው። ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ሳሪ የለበሱ እናቶች አጠገብ መቀመጥ ነው።

ቶሎ ድረሱ ግን። ኢድሊና ቫዳ ለመጠበቅ የተሠሩ ምግቦች አይደሉም። ኢድሊው ትሪ ላይ ሲቆይ ጠርዙ ይደርቃል፣ ቫዳው ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ከተከፈተ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ሁሉም ነገር ወጥቷል፣ ገና ትኩስ ነው። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ያለቀው ትሪ ብዙ ጊዜ አይሞላም፣ ሂሳቡ ግን ያው ሙሉ ነው።

3. ሳህን ሳታነሱ አንድ ዙር

ይሄ ምክር ቀላል ይመስላል ግን ማንም አያደርገውም። ርቦት የገባ ሰው ሳህን ይዞ ከመጀመሪያው ትሪ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው ምንድን ነው? ሩዝ። ነጭ ሩዝ፣ የሎሚ ሩዝ፣ የታማሪንድ ሩዝ። ሳህኑ እዚያው ሞላ። ሩዝ ርካሽ ነው፣ ሆድ ይሞላል፣ የቤቱ ባለቤትም አይከፋውም።

ስለዚህ እጃችሁን ኪስ ውስጥ ከታችሁ ከዳር እስከ ዳር ሂዱ። ስሞቹን አንብቡ። የትኛው ትሪ አሁን እንደመጣ፣ የትኛው ከላዩ ቆዳ እንዳበጀ እዩ። ትናንሾቹ ጎድጓዳ ሳህኖች የት እንዳሉም እዩ፣ ሳምባርና ራሳም ለሚባሉት ቀጫጭን ወጦች ያስፈልጋሉ። ሁሉንም አንድ ሳህን ላይ ያፈሰሰ ሰው በመጨረሻ የሚበላው አንድ ዓይነት ቡናማ ገንፎ ነው።

4. ዶሳው ከጠረጴዛ ነው የሚመጣው

ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። በብዙዎቹ ቤቶች ዶሳ ትሪ ላይ አይቀመጥም። አስተናጋጁ ትኩሱን ያመጣላችኋል፣ ዋጋውም እዚያው ቡፌው ውስጥ ነው። ሳይጠየቅ የሚያመጣ ቤት አለ፣ ካልጠየቁት ረስቶ የሚቀር ቤትም አለ። ስለዚህ ተቀምጣችሁ ውሃ ሲያመጣላችሁ «ዶሳ አለው ወይ?» በሉት፤ በዚያው «በዘይት ይሁንልኝ፣ ጊ እንዳታደርግበት» በሉ። ጊ የእነሱ ንጥር ቅቤ ነው።

ዶሳ ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ሩዝና ኡራድ የሚባል ክክ ለየብቻ ለሰዓታት ይዘፈዘፋሉ፣ ከውሃው ጋር ይፈጫሉ፣ ተቀላቅለው ያድራሉ። ሊጡ በራሱ ይቦካል፣ እርሾ አይጨመርበትም። ጠዋት ምጣድ ላይ በጭልፋ ቂጥ ከመሃል ወደ ዳር እያዞሩ ያሰፉታል። ልዩነቱ ምጣዱ ላይ ነው። እኛ አክንባሎ እንከድናለን፣ እንፋሎቱ ያበስለዋል፣ ዓይን ያወጣል። እነሱ አይከድኑትም፤ ዘይት ጠብ ጠብ ያደርጉበታል፣ ከሥር ቀይ ሆኖ ይደርቃል። እናቴ የመጀመሪያው ዶሳ ሲቀርብላት አገላብጣ አየችው።

«ዓይን የለውም» አለች።

«እማዬ፣ እንጀራ አይደለም።»

ቆርሳ ቀመሰችና ትንሽ ዝም አለች። «ቦክቷል ግን። ደህና አድርጎ ነው የቦካው።» ከእናቴ አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ማሳላ ዶሳ ከሆነ ውስጡ በእርድና በሰናፍጭ ፍሬ የተሠራ ድንች አለ። ከጠርዙ እየቆረሳችሁ፣ ድንቹን እየያዛችሁ፣ ሳምባር ወይም ኮኮናት ቻትኒ የሚባለውን ማጥቀሻ እየነካችሁ ብሉ። በቀኝ እጅ፤ ይሄን ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ቶሎ ብሉት ብቻ። አምስት ደቂቃ ከቆየ ይለሰልሳል፣ ሳምባር ላይ ከጣሉት ደግሞ በአንድ ደቂቃ ያልቅለታል።

5. የመጀመሪያው ሳህን

ዶሳው እስኪመጣ አንድ ኢድሊና አንድ ቫዳ ይበቃል። ኢድሊ የዶሳው የሥጋ ዘመድ ነው፣ ተመሳሳይ ሊጥ በትናንሽ ጎድጓዳ ቅርጾች ውስጥ በእንፋሎት ይበስላል። ለብቻው ጣዕም የለውም ብትሉ አልከራከርም። ሳምባር ሲጠጣ ነው ሰው የሚሆነው። ቫዳ ደግሞ የኡራድ ሊጥ ተድቦልቡሎ መሃሉ ተበስቶ የተጠበሰ ነው፣ ዶናት ይመስላል፣ ጣፋጭ ግን አይደለም። አንዱን ጎድጓዳ ሳህን ሳምባር ሙሉና ቫዳውን ውስጡ ክተቱት፣ ሁለት ደቂቃ ተዉት።

ሳምባር በየርግብ አተር ክክ፣ በታማሪንድና በአትክልት የሚሠራ ቀጠን ያለ ወጥ ነው። በመጨረሻ ሰናፍጭና የካሪ ቅጠል በጋለ ዘይት አንጣጥተው ከላዩ ያፈሱበታል። ውስጡ ጣት የሚያክል አረንጓዴ እንጨት የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ። እኔ አገኘሁት፣ ፎሰልያ መስሎኝ ሙሉውን አኘክሁት። እንጨት ነው! አኝኬ አኝኬ ሶፍት ውስጥ ስደብቀው አስተናጋጁ አየኝ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሄደ። ያ የሞሪንጋ ፍሬ ነው፣ የእኛ የሽፈራው ዘመድ። ኮንሶዎች የሽፈራውን ቅጠል ይበሉታል፤ ህንዶቹ ደግሞ የእነሱን ዛፍ ረጅሙን ፍሬ ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል። አበላሉ እንዲህ ነው፦ በጥርስ ሰንጥቆ ውስጡን ለስላሳውን መምጠጥ፣ ቅርፊቱን ሳህን ዳር ላይ ማስቀመጥ። የካሪ ቅጠሉንም ካልወደዳችሁት ዳር አድርጉት፣ ነውር የለውም።

የማንጎ ወይም የሎሚ ፒክል የምትባል ቀይ ነገርም አለች። አዋዜ ትመስላለች። አዋዜ አይደለችም፣ ጨው ናት። የጥፍር ያህል ይበቃል።

6. የጾሙ ወጥመዶች

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ብዙ ጊዜ ለጾም የሚሆኑት ኢድሊ፣ ቫዳ፣ በዘይት የተጋገረ ዶሳ፣ ሳምባር፣ ራሳም፣ የሎሚ ሩዝ፣ የታማሪንድ ሩዝ፣ ፑሪ የሚባለው በዘይት ተጠብሶ የሚነፋው ቂጣ፣ እና ፖሪያል ናቸው። ፖሪያል ጥቅል ጎመን ወይም ፎሰልያ ተከትፎ የተፈቀፈቀ ኮኮናት የተነሰነሰበት ነው፣ እናቴ ሦስት ጊዜ የደገመችው እሱን ነው። «ብዙ ጊዜ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሳምባሩ ላይ የሚፈሰው ዘይት በአንዳንድ ቤት ቅቤ ሊሆን ይችላል። ጠይቁ።

የማይሆኑት? ፖንጋል፣ ማለትም ሩዝና ማሽ ክክ አብሮ የተቀቀለበት ቁንዶ በርበሬ ያለው፣ በቅቤ የራሰ ነው። ከርድ ራይስ በስሙ እርጎ ነው። አቪያል የአትክልት ቅልቅል ነው፣ ንጹሕ የጾም ምግብ ይመስላል፣ ግን ኮኮናቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ እርጎ አለው። ናን ካለ ሊጡ ውስጥ እርጎ ወይም ወተት አይጠፋም። ፓኒር አይብ ነው። ኡፕማ የሚባለው የሰሞሊና ገንፎ በቤቱ ይለያያል፣ ራቫ ዶሳም (ከስንዴ ሰሞሊና የሚሠራው) አንዳንዱ ቤት አሬራ ይገባበታል። እኔን ያሳሳተኝ ግን ዳሂ ቫዳ ነው። ቫዳው ያው ቫዳ ነው፣ ነጩ ነገር ኮኮናት መስሎኝ ነበር። ዳሂ ማለት እርጎ ነው፣ ሁለት ጎርሼ ነው የገባኝ።

በሌላ በኩል ነጭ ሁሉ ወተት አይደለም። የኬራላ የአትክልት ስቱ ክሬም የፈሰሰበት ይመስላል፤ የኮኮናት ወተት ነው፣ ይበላል። ኮኮናት ቻትኒም ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው፣ ግን እርጎ የሚጨምርበት ቤት ስላለ እሱንም ጠይቁ።

አጠያየቁ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ፋስቲንግ ነኝ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። አስተናጋጁ ሂንዱ ከሆነ ጾም ሲባል የሚመጣበት ሌላ ነው። በኤካዳሺ፣ ማለትም በጨረቃ አቆጣጠር በየግማሽ ወሩ አሥራ አንደኛ ቀን ላይ በሚጾሙት ጾም፣ የሚተዉት እህልና ጥራጥሬ ነው፤ ወተትና እርጎ ይፈቀዳል። ከእኛ ጋር ፍጹም ተገላቢጦሽ! አንድ ደግ ሰውዬ ጾም ነኝ ስለው ሩዙንና ሳምባሩን በእጁ እያራቀ አንድ ጎድጓዳ እርጎ አቀረበልኝ። ከልቡ ነው፣ ምን ይባላል።

«ቬጂቴሪያን ነው?» ብሎ መጠየቅም ዋጋ የለውም፣ ሁሉም ቬጂቴሪያን ነው። «ቪጋን»፣ ማለትም ከእንስሳ የሚገኝ ምንም የሌለበት የሚለውን አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ያውቁታል፣ ግን በስም መጠየቅ ይበልጣል። ትሪውን እየጠቆማችሁ፦ ጊ አለው? ከርድ አለው? ሚልክ አለው? እርጎን «ዮገርት» ሳይሆን «ከርድ» ብትሉ ቶሎ ይግባባችኋል። እሱ ካላወቀ ጓዳ ገብቶ እንዲጠይቅላችሁ በትህትና ንገሩት።

ግሉተን የማይስማማው ሰው ካላችሁም ልብ በሉ። ዶሳ ራሱ የሩዝና የክክ ነው፣ ሳምባር ውስጥ የሚገባው ሂንግ የሚባል ቅመም ግን ብዙ ጊዜ በስንዴ ዱቄት ተደባልቆ ነው የሚሸጠው።

7. ሩዙ አሁን ነው

ሁለተኛው ዙር የሩዝ ነው። አዲስ ሳህን አንሱ፣ የበላችሁበትን ይዛችሁ ወደ ቡፌው አትመለሱ። አፍ የነካውን ነገር የሌላ ሰው ምግብ ላይ ማድረስ እነሱ ዘንድ ከባድ ነውር ነው፣ ከሌላ ሰው ሳህን መጉረስን ራሱ የሚጸየፉ አሉ። ከእናቴ ጋር ስንጎራረስ አጠገባችን ያለች ትንሽ ልጅ አፏን ከፍታ ስታየን ነበር።

የታሚሎቹ ቅደም ተከተል ደስ ይላል። መጀመሪያ ትንሽ ነጭ ሩዝ በሳምባር። ቀጥሎ ትንሽ ሩዝ በራሳም። ራሳም ታማሪንድ፣ ቲማቲም፣ ከሙንና ቁንዶ በርበሬ ያለበት ቀጭን መረቅ ነው፣ ጉንፋን ለያዘው ሰው መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል፤ በጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ ብትጠጡትም ማንም አይስቅባችሁም። በመጨረሻ ሩዝ በእርጎ፣ ያ ለፍስክ ቀን ይቆያችሁ። በየዙሩ ሁለት ማንኪያ ሩዝ ብቻ። የሎሚውንና የታማሪንዱን ሩዝ ለመቅመስ ያህል ዳር ላይ አድርጉ፣ እነሱ ወጥ አይፈልጉም።

ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ካራማ ወይም ቡር ዱባይ ብትሄዱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ብዙ ጊዜ እናንተ ወደ ቡፌው አትሄዱም፣ ቡፌው ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። «ሚልስ» ወይም «ታሊ» ብላችሁ ታዛላችሁ፤ ትልቅ ትሪ ላይ ትናንሽ ኩባያዎች ተደርድረው ይመጣሉ፣ አስተናጋጆቹ ባልዲ መሳይ ዕቃ ይዘው እየዞሩ ይጨምራሉ። «በቃኝ» ካላችሁ እጃችሁን ሳህኑ ላይ ጋርዱ። ጋርዱ እንጂ፣ በፈገግታ ብቻ ዝም ካላችሁ መጨመራቸውን አያቆሙም። በሙዝ ቅጠል የቀረበላችሁ እንደሆነ ስትጨርሱ ቅጠሉን ወደ ራሳችሁ እጠፉት።

8. ጣፋጭና ቡና

ለጾመኛ እዚህ ጋ ብዙም የለም። ፓያሳም በወተት ነው፣ አልፎ አልፎ በኮኮናት ወተት የሚሠሩት አሉ። ኬሳሪ በቅቤ ነው። ጉላብ ጃሙን ወተት ነው። ከተቆረጠ ፍራፍሬ ውሰዱና እለፉ።

የፍስክ ቀን ከሆነ ግን ፊልተር ኮፊ ሳትጠጡ እንዳትወጡ። ቺኮሪ የሚባል ሥር ተቀላቅሎበት የተጣራ ወፍራም ቡና ነው፣ በትኩስ ወተት፣ በትንሽ የብረት ብርጭቆና ጎድጓዳ ማስቀመጫ ይመጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው ከፍ አድርጋችሁ እየገለበጣችሁ አረፋ አውጡለት። ለብቻው ይከፈልበታል፣ ቡፌው ውስጥ አይገባም። በእኛ ቡና ላይ የምትኮሩ ሰዎች አትነጻጽሩት፣ ሌላ መጠጥ ነው ብላችሁ ጠጡት።

9. ሂሳብ

አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሰው ከታክስ በፊት ከ15 እስከ 20 ዶላር ውስጥ ብታስቡ ብዙም አትስቱም፤ ልጆች ብዙ ቦታ ይቀንስላቸዋል። ራሳችን ነን ያነሳነው ብላችሁ ቲፕ አትዝለሉ፤ ዶሳውን ያመጣው፣ ውሃውን የሞላው፣ ስለ ቅቤ ሦስት ጊዜ ጓዳ የተመላለሰው ሰው አለ። ከቡፌ የተረፈ አይጠቀለልም፣ ሳህን ላይ ትቶ ለሚነሳ ተጨማሪ የሚያስከፍልም ቤት አለ። ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ከሜኑው እዘዙ፤ ኢድሊ መንገድ ይችላል፣ ዶሳ አይችልም።

መክፈያው ጋ በስኳር የተለበጠች ባለ ቀለም ፍሬ በትንሽ ሳህን ትቀመጣለች፣ አፍ ለማጽዳት ናት። እናቴን በጃንሆይ ጊዜ ሒሳብ ያስተማሯት ህንዳዊ ነበሩ፣ የኬራላ ሰው፤ ያኔ ብዙዎቹ ህንዳውያን መምህራን ከዚያ ነበር የመጡት። ገንዘብ ተቀባዩን ሽማግሌ ትኩር ብላ አየችና «ኬራላ?» አለችው። «ታሚል ናዱ» አላት እየሳቀ፣ ሳህኗንም ገፋ አደረገላት። አንዷን አፏ ከተተች።

«እንስላል ናት» አለችኝና አንድ ቁንጥር ጨምራ በመሐረቧ ቋጠረች።